ደረት ዘጠና ሁለት፣ እጅጌ ሃምሳ ስምንት

ጥቅምት 3

ሚጢጢዬ፣

ሰላምታውን ቀድሜ ልጨርስ፤ ሳልጨርስ ወሬ ከጀመርኩ «ጋሼ አደብ የለውም» ማለትሽ አይቀርም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና አይደለም፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ሲንቋቋ ስለሚውል አፍ አለው ማለት ነው፣ ራሱን ችሎ ይጻፍልሽ። ቤቱ ቆሟል። ደረጃው አሁንም ሃያ ሁለት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታችን አሁንም ጥሩምባ ሊለምድ ይሞክራል፤ ጥሩምባው ግን እሱን አልለመደውም።

«እማዬ እንዴት ናት?» የሚለው ላይ ሁለቴ አስምረሽበታል። አንዴም ብታሰምሪበት ይገባኝ ነበር። «እንደ ቀኑ ናት» ብልሽ ደስ እንደማይልሽ አውቃለሁ። ቀያሽ ነሽ፤ በሜትርና በሴንቲሜትር ካልተነገረሽ ነገር አይጥምሽም። ስለዚህ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቀን ጀምሬ እየቆጠርኩልሽ ነው።

ጥያቄሽን እንደገባኝ ልድገመው፣ ከሳትኩ አርሚኝ። በሁለት ዓመት ውልሽ ውስጥ ያለሽ ፈቃድ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ሳምንት። ካምፑ ስልክ የለውም፤ ያለው በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚመጣው የፖስታ መኪና ነው። ቶሎ ከመጣሽ ከእናትሽ ጋር ስቀሽ ተጫውተሽ ትመለሻለሽ፣ ኋላ ሲብስባት ግን አትኖሪም። ከዘገየሽ ደግሞ «ሳታውቀኝ እደርሳለሁ» ብለሽ ጽፈሻል። ያችን ዓረፍተ ነገር ሁለተኛ አላነበብኳትም። ባጭሩ «መቼ ልምጣ?» ነው ያልሽኝ።

እንግዲህ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የክብሪት ፋብሪካ ፈታሽ የነበርኩ ሰው ነኝ። ከእያንዳንዱ ካርቶን ሃያ እንጨት መዝዤ እጭራለሁ፤ ስንቱ እንደበራ፣ ስንቱ እንደከሸፈ እጽፋለሁ፤ በሃያው እሺታ ካርቶኑ ያልፋል፣ በሃያው እምቢታ ይመለሳል። አንድ አዲስ አለቃ መጥቶ «ለምን ሁሉንም አትፈትንም?» አለኝ። «ጌታዬ፣ ሁሉንም ከፈተንኩት የምንሸጠው አመድ ነው» አልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ሰላም አላለኝም። የተማርኩት የሒሳብ ትምህርት ያ ብቻ ነው፤ የቀረውን ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ለቃቀምኩት።

ስልቱ ይኸውልሽ። ቆብሽን ደፍተሽ በባለሦስት እግሩ መሣሪያ የቆምሽበትን ፎቶ ስኳሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ። ጠዋት ለእናትሽ ሻይ እንደቀዳሁላት «እትዬ፣ ይቺ ማናት?» እላታለሁ። አንቺን ካወቀች ክብ፣ ካላወቀች መስቀል። አልጠቁምም፤ የጠቆምኩበት ቀን አይቆጠርም። በመጀመሪያው ጠዋት ምን አለችኝ መሰለሽ? «ልጄ ናታ! አሁን ደግሞ አንተ ማን እንደሆንክ ልትጠይቀኝ ነው? እሱን ከረሳሁ ቆየሁ።» ስድስት ዓመት ስለምትበልጠኝ ብቻ ሥልሳ ዓመት ሙሉ ስትሰድበኝ የኖረች ሴት ናት፤ ስድቡ አልተረሳትም።

የአሥራ አራቱ ቀን ረድፍ፦

○ ○ ○ ○ × ○ ○ ○ ○ ○ ○ × × ○

አሥራ አንድ ከአሥራ አራት። ለክብሪት ቢሆን ካርቶኑን እመልሰው ነበር። ለሰው ግን መለኪያውን አላውቀውም፤ አንቺ ወስኚ።

ትበያለሽ ወይ?

ቆጣሪው አጎትሽ


ጥቅምት 20

ጋሼ፣

ጉልበትህ እስካሁን አልጻፈልኝም። ሰነፍ መሆኑን ንገርልኝ። ለጎረቤቱ ጥሩምባም ሰላምታ አቅርብልኝ።

አዎ፣ እበላለሁ። እማዬ የሰፋችልኝ ጃኬት ሰፍቶኛል ማለቴ አልበላም ማለቴ አይደለም። እዚህ ነፋሱ ይበላናል፣ እኛ ደግሞ የታሸገ ዓሣ እንበላለን። አራት ሆነን በአንድ የቆርቆሮ ክፍል ነው የምንተኛው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጉብታ ሦስት ጊዜ ለክቼ ሦስቱም ተለያዩብኝ፤ አማካዩን ጻፍኩ። አለቃዬ «የትኛው ነው ትክክሉ?» ሲለኝ «አንዱም» አልኩት። አንተ ያሳደግከኝ መሆኔ ያስታውቃል።

ስለ ረድፉ አመሰግናለሁ። አልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ። ከእኔ ጋር የምትኖረው ምግብ አብሳይ ጌጥ መስሏት «ያምራል፣ ለኔም ሥሪልኝ» አለችኝ።

ሳየው ኮሪደር ላይ የምታጫውተን ጨዋታ ትዝ አለኝ። የጎረቤት ልጆችን ሰብስበህ፣ ግማሻችን ሳንቲም ሃያ ጊዜ እየወረወርን «ሰው» ወይም «ቁጥር» እያልን የወጣውን እንጽፋለን፤ የቀረነው ሳንወረውር ከጭንቅላታችን ፈጥረን እንጽፋለን። ከውጭ ትመለስና ወረቀቶቹን አንድ ጊዜ አየት አድርገህ «አንቺ ዋሽተሻል፣ አንተ ወርውረሃል» ትላለህ። አንድም ቀን አትስትም ነበር። የምታመልጥህ እማዬ ብቻ ነበረች፤ እሷም በእውነት ወርውራ «ከጭንቅላቴ ነው» ብላ ትክድህ ነበር። ምስጢሩን የነገርከኝ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ነው። እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም።

ውሳኔዬ እነሆ። ከአሥራ አራቱ ቀን ክቡ ሰባት ሲሆን ወይም ከዚያ ሲወርድ ፈቃድ እጠይቃለሁ። እዚህ ፈቃድ ወር ቀድሞ ነው የሚጠየቀው፤ የካምፑ ሹም ለእናቱም ቢሆን ሕጉን አያጥፍም። ስለዚህ አንድ ወር እንደሚበላብኝ እያሰብክ ቁጠር። ሌላ የምተማመንበት ዓይን የለኝም።

ፖስታው ላይ ያለው ጽሕፈት የማን ነው? ያንተ አይደለም።


ኅዳር 3

ሚጢጢዬ፣

ዓይንሽ ሌባ ያስይዛል። ፖስታው ላይ የጻፈችው እናትሽን የምትንከባከብ ነርስ ናት። በሳምንት ሦስት ቀን መምጣት ጀምራለች። ለምን እንደጀመረች ከጠየቅሽኝ፣ አንድ ቀን የቤታችን በር ሳይዘጋ ቀርቶ ነበር። ሁሉም በሰላም አለቀ። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

ነርሷ ጥሩ ልጅ ናት፤ ትንሽ ትፈራኛለች እንጂ። ልጅቷ በገባች ቁጥር እትዬ ከላይ እስከ ታች አይታ የልብስ ልኳን ትነግራታለች። አርባ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም የሰፋ እጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ነርሷም «እሺ እማማ፣ ይሰፋልኝ» እያለች መድኃኒቷን ታስውጣታለች። እኔማ እንዲህ ስትለሰልስልኝ አይቼ አላውቅም።

ረድፉ፦

○ ○ ○ ○ ○ ○ ○ × × × × ○ ○ ○

አሥር ከአሥራ አራት። አራቱ መስቀል ተከታትሎ ሲመጣ ሻዬ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ቁርጡ ደረሰ ብዬ ቁጭ ስል በአሥራ ሁለተኛው ጠዋት ፎቶውን አንስታ «ቆቡ አይሆናትም፣ ግንባሯን ሸፈናት» አለች፤ ስምሽንም ጠራች። ስለዚህ አትደንግጪ። ሳንቲም ያለፈውን አያስታውስም፤ አራቴ ቁጥር ወጣ ማለት አምስተኛውም ቁጥር ነው ማለት አይደለም።

አሥር ከሰባት ይበልጣል። ሥራሽን ሥሪ።

አጎትሽ


ኅዳር 18

ሚጢጢዬ፣

ስለ ድልድዩ መሠረት የጻፍሽልኝን ለጥሩምባው ጎረቤታችን አነበብኩለት። ምንም አልገባውም፤ እኔም አልገባኝም፤ ሁለታችንም ራሳችንን እየነቀነቅን አመሸን።

ረድፉ፦

○ ○ × ○ × ○ ○ × ○ ○ × ○ × ○

ዘጠኝ ከአሥራ አራት። ከሰባት በላይ ነው። እናትሽ ደህና ትበላለች። አየሩ ጥሩ ነው። ጉልበቴም ጥሩ ነው።

«ምን ትላለች?» ላልሽው፣ ብዙ ነገር ትላለች።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 2

ሚጢጢዬ፣

ደብዳቤዬ አጠረብሽ? እርጅና ነው፤ ቀለምም ተወዷል። ለጥያቄሽ፦ አዎ፣ ታንጎራጉራለች። አዎ፣ መርፌ ትይዛለች፤ ክሩን የማስገባላት ግን እኔ ነኝ። አይ፣ ደብዳቤ መጻፍ አትችልም፣ እጇ ይደክማል። ፎቶውን አላነሳሁትም፤ ያው ስኳሩ አጠገብ ነው።

○ × ○ ○ × ○ × ○ ○ × ○ × ○ ○

ዘጠኝ። እንዳለፈው ነው። ባለሽበት ሁኚ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 10

ይድረስ ለአጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ። እኔ ደህና ነኝ።

የላኩልኝን ሁለት ረድፎች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሃያ ስምንት ቀን። አንድም ቦታ ሦስት ክብ ተከታትሎ የለም። ሦስት መስቀልም የለም። ከሁለት በኋላ ሁልጊዜ ይቀየራል።

መጀመሪያ ራሴን ተጠራጠርኩ። እሑድ ከውሃ መኪናው ሾፌር ጋር ቁጭ ብለን ሳንቲም ወረወርን። ሃያ ስምንት ውርወራ፣ ሠላሳ ዙር። «ቀያሽዋ፣ ዛሬ ደግሞ ምንድነው የምትለኪው?» አለኝ። «አጎቴን» አልኩት። ሳቀ። ከሠላሳው ዙር ሦስት ተከታታይ የሌለበት አንድም አላገኘንም። አብዛኛው ላይ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ነበረ። አንዱ ላይ ዘጠኝ «ሰው» ተከታትሎ ወጣ፤ ሾፌሩ «ይሄስ አስማት ነው» አለ።

ኮሪደር ላይ ያስተማሩኝ ይህንን ነበር። ሰው ሲዋሽ መደጋገም ይፈራል። ሁለቴ «ሰው» ከጻፈ በኋላ ሦስተኛውን መጻፍ ያሳፍረዋል፤ እውነት መስሎ እንዲታይ ብሎ ይለዋውጣል። እውነት ግን እንዴት እንደሚታይ አይጨነቅም።

ደግሞም ሳንቲም ያለፈውን አያስታውስም ብለው ጽፈውልኝ ነበር። የእናቴ ጠዋት ሳንቲም አይደለም። ዛሬ ካላወቀችኝ ነገም ላለማወቅ ትቀርባለች። ስለዚህ ረድፉ ከሳንቲሙም በላይ መደጋገም ነበረበት። የጥቅምቱና የኅዳር መጀመሪያው ረድፍ እንደዚያ ነበር። እነዚህ ሁለቱ አይደሉም።

በኅዳር አጋማሽ ቢነግሩኝ ኖሮ በታኅሣሥ መጨረሻ እደርስ ነበር። አሁን ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ጥር 10 እነሳለሁ፤ መንገዱ ሁለት ሁለት ቀን ይበላል፣ አሥር ጠዋት ይተርፈኛል።

እውነተኛውን ረድፍ ይላኩልኝ። ቀልድ አይጨምሩበት።


ታኅሣሥ 18

ልጄ፣

«እርስዎ» ያልሽኝ ቀን እንደምሞት ለእትዬ ነግሬያት ነበር። አልሞትኩም። ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩትና የቀዘቀዘ ሻይ ጠጣሁ።

እውነተኛዎቹ፦

○ ○ × × ○ × × × × × × × × ×

× × × × × – – – – – – – – –

ሰረዟ ያልጠየቅኩበት ቀን ናት። ክብም መስቀልም አይደለችም፤ ምንም ናት። በክብሪት ፋብሪካ ያልተፈተነን ካርቶን «በርቷል» ብሎ መጻፍ ከሥራ ያባርራል፣ «ከሽፏል» ብሎ መጻፍም ያባርራል። እኔ ግን ጡረታ ወጥቻለሁና የሚያባርረኝ አጥቼ እንዳሻኝ ጻፍኩ።

ለምን እንደዋሸሁ ጠይቀሻል። በኅዳሩ ረድፍ ሦስቱን ክብ ጽፌ መስቀሎቹን ስደረድር አምስተኛው ላይ እጄ ቆመ። ሌላ ወረቀት አወጣሁ። ያንን ወረቀት ስጽፍ፣ ልጆችን ስይዝበት የኖርኩት ወጥመድ አጠገቤ እንዳለ አልታየኝም። ሰው የራሱን ማጅራት አያይም። እንደማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለግኩት፤ በአንድ ወረቀት ላይ እንኳ አሁንም የምታውቅሽ እንድትሆን።

መጠየቅ ለምን እንዳቆምኩም ልንገርሽ። ኅዳር 22 ጠዋት ፎቶውን ሳሳያት ለረጅም ጊዜ አየችውና «ይቺ ሴትዮ ጠፍታ ነው?» አለችኝ። «አልጠፋችም» አልኳት። «ታዲያ በየቀኑ ፎቶዋን ይዛችሁ የምትዞሩት ለምንድነው? እናቷ ምን ትላለች?» አለች። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ አጠገብ ቆማ መንገደኛውን ስታይ ዋለች፤ አንቺን ልታገኝሽ። እንግዲህ እያንዳንዱ ጥያቄ የሚነድ እንጨት ነው። እኔ ለረድፌ ስል ሳጥኑን ጨርሼባታለሁ።

ይቅርታሽን አልጠይቅም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ጥር 12 ማምሻውን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ እቆማለሁ። ጉልበቴም አብሮኝ ይመጣል።

«አጎትሽ» ብዬ መፈረም አፈርኩ፤ አንቺ እንደፈለግሽ ጥሪኝ።


ጥር 27

ጋሼ፣

በሰላም ገብቻለሁ። የውሃ መኪናው ሾፌር ነው ያደረሰኝ። በመንገድ ሁሉ ስለ ሳንቲሙ ሲያወራ ነበር።

አውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆኜ እጅህን ስታወዛውዝ አይቼሃለሁ። መልሼ ያላወዛወዝኩት ተኮሳትሬ አልነበረም። እጄ አልተነሳም፤ እንዲሁ ነው።

ስንለያይ «አልቅሺ፣ ይቀልሻል» ብለኸኝ ነበር። ሞክሬ ነበር። አልመጣም። እዚህ ስደርስ አልጋዬን አነጠፍኩ፣ መሣሪያውን ወለወልኩ፣ በማግስቱ አራት ኪሎ ሜትር ለካሁ። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ ሁለተኛ አጣርቻቸዋለሁ። የታሸገው ዓሣ ምንም ምንም አይልም። ድሮም ምንም አይል ይሆናል።

ረድፉን እኔ ልጻፈው፣ አንተ አትጻፈው። ፎቶ አላሳየኋትም፤ ራሴ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

× × × × × × × × × ×

አሥር። በክብር አስተናገደችኝ። «ተቀመጪ የኔ እመቤት» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን «ቤት ውስጥ ሰው አይጠብቅሽም ወይ?» አለችኝ። በሰባተኛው ጸጉሬን አበጠረችልኝ፤ ግን ያበጠረችው ነርሷን ካበጠረች በኋላ ተራ ሲደርሰኝ ነው።

ማን እንደሆንኩ ያወቀችበት ነገር አለ ብለህ ስትከራከረኝ ነበር፤ ልኬን ስለነገረችኝ። በመጀመሪያው ጠዋት ከላይ እስከ ታች አይታኝ «ደረት ዘጠና ሁለት፣ እጅጌ ሃምሳ ስምንት» አለች። አንተ ሻይ ደፋህ። እኔ ግን ሁለት ምክንያት ነበረኝ። አንደኛ፣ ለነርሷም ልኳን እንደምትነግራት በኅዳር ጽፈህልኛል። ለሁሉም የሚሰጥ ምልክት ለማንም ምልክት አይደለም፤ ይህንንም ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሁለተኛ፣ ልኩም ስህተት ነው። በመታጠቢያ ቤት በራሷ ሜትር ደረቴን ለካሁት። ሰማንያ ስድስት ነው። ስለዚህ መስቀል አደረግኩበት።

በታኅሣሥ መጨረሻ ብደርስስ ኖሮ እያልኩ አላስብም። ሞክሬ ነበር፤ እሱም አልመጣም።

ውሌ አሥራ አንድ ወር ይቀረዋል። ሌላ ፈቃድ የለም። እዚህ ድንኳን የሚሰፋ ሰውዬ አለ፤ ጃኬቱን አስጠብበዋለሁ ብያለሁ፣ በነፋስ ጊዜ እንደ ሸራ ይነፋል።

አንተን «እርስዎ» ማለቴን ትቻለሁ። አልሠራም።


የካቲት 21

ሚጢጢዬ፣

ስለ ጤናዬ ከዚህ በታች ምንም ስለማልጽፍ ደህና ነኝ ማለት ነው። ጥሩምባው አንድ ዜማ እስከ ግማሹ ተለማምዷል፤ ግማሹ ላይ ሲደርስ ሰፈሩ በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል።

መጀመሪያ አንድ ዕዳ ልክፈል፤ የሒሳብ ነው። የመጨረሻው ክብ ኅዳር 8 ነበር። ያን ዕለት እውነቱን ብጽፍልሽም፣ ፖስታው ደርሶ፣ ወሩ ተቆጥሮ፣ መንገዱ ተጨምሮ፣ ከመስቀሎቹ መሐል ነበር የምትደርሺው። ይህን ያሰላሁት ራሴን ነጻ ላወጣ አይደለም። ወረቀቱን ስቀይር ይህን አላውቅም ነበር፤ ኋላ የመጣ ዕውቀት የፊቱን ውሸት አያጸድቅም። ብቻ አንቺ «ብደርስስ ኖሮ» የምትይበት ቀን ከመጣ እጅሽ ላይ እንዲኖር ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። «ለሁሉም የሚሰጥ ምልክት ለማንም ምልክት አይደለም» ብለሽ በራሴ ዱላ መታሽኝ። ትክክል ነሽ። ግን አንድ ነገር ሳትለኪ አለፍሽ፤ እኔም ሳልለካ አለፍኩ። ለነርሷ ልኳን ትነግራታለች ብዬ ጻፍኩልሽ እንጂ ስንት እንደምትላት አንድም ቀን ጆሮ ሰጥቼ አልሰማሁም። ልክ ስትነግራት የነርሷ የራሷ ልክ መሰለኝ። የሠላሳ አንድ ዓመት ፈታሽ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አምኖ ሳይከፍት አሳለፈ ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ወር ሙሉ ቤታችን የገባ ሰው ሁሉ ተለካ። እኔ አልጻፍኩም፤ እኔን ማመን እንደማይቻል ተረጋግጧል። የጻፈችው ነርሷ ናት፣ ለምን እንደሆነም አልነገርኳትም፤ ወረቀቱ በእጅ ጽሕፈቷ ተያይዟል። እትዬ የምትለውን ትጽፋለች፣ ከዚያ ሰውየውን በሜትር ትለካለች። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው እጁን እንደ ወንጀለኛ ወደ ላይ አንስቶ ቆመ። ጥሩምባ ነፊው «ልብስ ልታሰፉልኝ ነው?» ብሎ ደስ አለው። ሐኪሙ «ይህ የምን ምርመራ ነው?» አለ፤ «የኛ ነው» አልኩት። የቧንቧ ሠራተኛው፣ የታችኛዋ ጎረቤት፣ ሁለት ልጆቿ፣ ነርሷ፣ እኔ። ዘጠኝ ሰው። የእኔ ደረት መቶ አሥራ ሁለት ነው፤ የትንሿ ልጅ ሥልሳ አንድ ነው።

ለዘጠኙም ያለችው አንድ ነው። ደረት ዘጠና ሁለት፣ እጅጌ ሃምሳ ስምንት።

ለትንሿ ልጅም እንዲሁ። ልጅቷ «እንዴ፣ እማማ» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ከዚያ የልክ ደብተሮቿን አወረድኩ። አራት ናቸው፤ ስድስት መቶ አርባ ሦስት ስም አለባቸው። አብዛኛው የተማሪ ስለሆነ ደረቱ ትንሽ ነው፤ ይህንን ከሒሳቡ አልደብቅሽም። ትልልቅ ሰዎቹን ብቻ ለይቼ ስቆጥር መቶ አሥራ ስምንት ናቸው። ዘጠና ሁለትና ሃምሳ ስምንት አብረው የተጻፉት በአንድ ገጽ ብቻ ነው። ገጹ ላይ «የልጄ ጃኬት፣ ለካምፕ» ይላል። የመጨረሻው ገጽ ነው እንዳትይኝ፤ ካንቺ በኋላ ሠላሳ አንድ ሰው ለክታለች። አምስቴ ቆጥሬያቸዋለሁ።

ስለዚህ እውነቱ ይህ ነው፤ አላሳመርኩትም። ወንበሩ ላይ የተቀመጥሽው አንቺ መሆንሽን አላወቀችም። ያልሽው ልክ ነው። ያኛውን መስቀል አልነካውም። ግን ከመቶ አሥራ ስምንቱ የቀረው አንድ ልክ ነው፤ የቀረውም የማን እንደሆነ ደብተሩ ያውቃል። በበሩ የገባው ሁሉ፣ ወፍራሙም ቀጭኑም፣ አንቺን አክሎ ነው የሚታያት። አንድ ልክ በአጋጣሚ ቢቀር ኖሮ ያንቺው የመሆን ዕድሉ ከመቶ አሥራ ስምንት አንድ ነበር። በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ሆኖ ያውቃል፤ ሾፌሩም ዘጠኝ ጊዜ «ሰው» አውጥቷል።

ትናንት ቁርስ ላይ አላስቻለኝም። «እትዬ፣ ይህ የማን ልክ ነው?» አልኳት። ፎቶ አላሳየኋትም፣ አልጠቆምኩም። ከመነጽሯ በላይ አየችኝና «ልኩ ካለህ ስሙን ምን ታደርግበታለህ?» አለችኝ። «አንተ ድሮም ወረኛ ነህ።»

ለዚህ ነገር አዲስ ረድፍ ከፈትኩ። ክብ ልል እጄን አነሳሁ፣ መስቀል ልል አነሳሁ፣ ሁለቱንም ተውኩት። የምልክቱን ቦታ ባዶ ትቼ ከነደብተሩ ገጽ ልኬልሻለሁ። አንቺ ሙዪው፤ ባትሞዪውም ግድ የለም።

አንድ ነገር ግን እንደ አጎት አዝዝሻለሁ። ያ ድንኳን ሰፊ ጃኬቱን እንዳይነካው። ሰማንያ ስድስቱ ነው ስህተቱ።

ብዪ።

አጎትሽ